ሳይጋጭ የቆመ ተራራ፦ ማግማንና ቴክቶኒክስን አንድ ላይ ስለማጥናት

ስለ ተራራ አፈጣጠር የሚያስተምሩ መጻሕፍት በአብዛኛው የመጀመሪያ ምሳሌያቸውን የሚወስዱት ከሂማላያ ነው። የሕንድ ንኡስ አህጉር ወደ ሰሜን ተጉዞ ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከእስያ ጋር ተጋጨ፤ በመካከል የተያዘው ቅርፊት እየታጠፈና እየተደራረበ የዓለምን ከፍተኛ ተራሮች አቆመ፤ በቲቤት ሥር ያለው ቅርፊትም እስከ 70 ኪሎ ሜትር ወፈረ። ትምህርቱ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ተማሪው «ተራራ የግጭት ውጤት ነው» የሚል አጠቃላይ ድምዳሜ ይዞ ወደ ስሜን ሲሄድ፣ 4,533 ሜትር ከፍታ ያለው ራስ ዳሽን ከዚህ ድምዳሜ ጋር አይስማማለትም። በስሜን ገደሎች ላይ የሚታዩት የባዛልት ንጣፎች አልታጠፉም፤ ብዙም ሳያዘነብሉ አንዱ በሌላው ላይ እንደተነጠፉ ናቸው። በተፈጠሩበት ዘመንም በአካባቢው የተጋጨ አህጉር አልነበረም።

በዚህ አጭር ጽሑፍ የማቀርበው አቋም የሚከተለው ነው። የኢትዮጵያ ከፍተኛ ምድር የሚያስተምረን ዋና ነገር፣ ማግማና ቴክቶኒክስ ተራራን በመሥራትም ሆነ አህጉራዊ ቅርፊትን በመቅረጽ ረገድ የማይነጣጠሉ መሆናቸውን ነው። የድኅረ ምረቃ ምርምራችን ግን ሁለቱን በተለያዩ ሰዎች፣ በተለያዩ ጥያቄዎችና በተለያዩ መደርደሪያዎች ያስቀምጣቸዋል። ይህ አሠራር ዕውቀታችንን ያጎድላል፤ ከዚያም በላይ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ለሚኖረው ሕዝብ ልንሰጠው የሚገባንን መልስ ያዘገያል።

ቃላቱን አስቀድሜ ላብራራ። ማግማ ስል ከማንትል ወይም ከታችኛው ቅርፊት ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣውን ቅልጥ ዐለት ማለቴ ነው፤ ወደ ገጽ ሳይደርስ በጥልቀት ቀዝቅዞ የሚቀረውንም ይጨምራል። ቴክቶኒክስ ስል ደግሞ የምድርን ውጫዊ ክፍል የሚገፋውን፣ የሚስበውንና የሚሰብረውን ሂደት ማለቴ ነው።

ሁለት ጊዜ የተሠራ ምድር

ኢትዮጵያ ለዚህ ክርክር የምትመች አገር ናት፤ ሁለቱንም የተራራ አሠራር መንገዶች በአንድ ምድር ላይ ይዛለችና። የመጀመሪያው ታሪክ ከ850 እስከ 550 ሚሊዮን ዓመት በፊት በነበረው ዘመን የተፈጸመ ሲሆን፣ ዐለቶቹ ዛሬ በትግራይ፣ በወለጋና በቤኒሻንጉል፣ እንዲሁም በደቡብ በአዶላ አካባቢ ይገኛሉ። በዚያ ዘመን የነበረ ውቅያኖስ ቀስ በቀስ ተዘጋ፤ በላዩ የነበሩ የእሳተ ገሞራ ደሴቶች ሰንሰለቶች እርስ በርሳቸው ተጣበቁ፤ በመጨረሻም አህጉራዊ ብሎኮች ተጋጠሙ። የምሥራቅ አፍሪካ የተራራ ሰንሰለት የሚባለው ጥንታዊ ሰንሰለት የተወለደው በዚህ ሁኔታ ነው። የአዶላ ወርቅም የዚሁ ታሪክ ቅሪት ነው።

ያ ሰንሰለት ግን አልቆየም። ዝናብ፣ ወንዝና የበረዶ ግግር ላጉት። በትግራይ በእዳጋ አርቢ አካባቢ የሚገኙት የበረዶ ግግር ደለሎች የተቀመጡት በዚህ በተላገ ወለል ላይ ነው። ከዚያም የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ተነጠፈ፤ ቀጥሎም ባሕር ገባና የአንታሎ የኖራ ድንጋይን አስቀመጠ። ዛሬ በመቀሌ ዙሪያ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምናየው ይህ የኖራ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን የባሕር ወለል እንደነበር የያዛቸው ቅሪተ አካላት ይመሰክራሉ። እንግዲህ የዛሬው ደጋ የጥንቱ ግጭት ቅሪት ሊሆን አይችልም። የጥንቱ ተራራ ተልጎ ሜዳ ሆኗል፤ ሜዳውም በባሕር ተሸፍኖ ነበር።

ሁለተኛው ታሪክ የተጀመረው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ያን ጊዜ የፈሰሰው የባዛልት ጎርፍ ዋናው ክፍል በ1 ሚሊዮን ዓመት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ወጥቶ ያለቀ ሲሆን፣ በአንዳንድ ስፍራዎች እስከ 2 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ውፍረት አለው። በዚህ ጎርፍ ላይ ጋሻ መሰል እሳተ ገሞራዎች ተተከሉ፦ ስሜን ከጎርፉ ብዙም ሳይርቅ፣ ጮቄ ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ጉና ደግሞ ከ11 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት። አምባ ብለን የምንጠራው የመሬት ገጽታም ከዚህ የመጣ ነው። በአብዛኛው አምባ ለብቻው ወደ ላይ የተገፋ ጉብታ አይደለም፤ ከፍ ካለ በኋላ በወንዞች ዙሪያውን የተቆረጠ ሜዳ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነጥብ ልብ ሊባል ይገባል። የመጀመሪያውን ታሪክ «የግጭት»፣ ሁለተኛውን «የእሳተ ገሞራ» ብሎ መክፈል ቀላል ነው፤ ግን አያስኬድም። በመጀመሪያው ታሪክ የተጋጩት ቁርጥራጮች ራሳቸው አብዛኞቹ በማግማ የተሠሩ ደሴቶች ነበሩ። የዐረቢያና የኑቢያ ጋሻ ምድር በዓለም ሥነ ምድር ዘንድ የታወቀውም ከማንትል በቀጥታ የወጣ አዲስ ቅርፊት በብዛት የተጨመረበት ስፍራ በመሆኑ ነው። በሁለተኛው ታሪክም ማግማው መንገድ ያገኘው ቅርፊቱ ስለተሳበ ነው። አንዱ ያለ ሌላው የሠራበት ጊዜ የለም።

ከላይ የሚታየውና ከሥር ያለው

ስለ ደጋው ከፍታ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ላቫ ተከምሮ ነው» የሚል ነው። ይህን መልስ በቀላል ስሌት መፈተን ይቻላል። ቅርፊት ከእርሱ በሚከብደው ማንትል ላይ፣ ግንድ በውኃ ላይ እንደሚንሳፈፍ፣ ሚዛኑን ጠብቆ ይቀመጣል። በላዩ ጭነት ሲጨመርበት በከፊል ይሰምጣል፤ ስለዚህ የጭነቱ ውፍረት ሁሉ ከፍታ አይሆንም። የባዛልቱን እፍግታ 2.8፣ የማንትሉን 3.3 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ብንወስድ፣ 2 ኪሎ ሜትር ውፍረት ያለው የላቫ ክምር የመሬቱን ገጽ ከፍ የሚያደርገው በ300 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ቀሪው 1,700 ሜትር ቅርፊቱን ወደ ታች በመጫን ያልቃል።

ታዲያ ቀሪው ከፍታ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ2003 «ኢግል» በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው የኢትዮጵያና የውጭ ተመራማሪዎች የጋራ ፕሮጀክት፣ ለጥናት በተዘጋጁ ፍንዳታዎች በተለቀቁ ሞገዶች አማካይነት ከስምጥ ሸለቆው ግራና ቀኝ ያለውን ቅርፊት መርምሮ ነበር። በሰሜን ምዕራቡ ደጋ ሥር፣ በቅርፊቱ ግርጌ፣ ሞገዶች በሴኮንድ 7.4 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት የሚጓዙበትና 10 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ውፍረት ያለው ንብር ተገኘ። ይህ ፍጥነት ከተለመደው የታችኛ ቅርፊት ፍጥነት ይበልጣል። ተቀባይነት ያገኘው ማብራሪያ፣ ንብሩ ወደ ላይ ሳይወጣ በግርጌ የቀረና የቀዘቀዘ ማግማ ነው የሚል ነው።

ስሌቱን እንቀጥል። የ10 ኪሎ ሜትር ንብር እፍግታው 3.0 ከሆነ ገጹን በ900 ሜትር ያህል ከፍ ያደርጋል። እፍግታው 3.1 ከሆነ ግን ጭማሪው ወደ 600 ሜትር ይወርዳል። ከላቫው ክምር ጋር ሲደመር ከ900 እስከ 1,200 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ስሌቱ ሻካራ ነው፤ የቅርፊቱን ጥንካሬ አይቈጥርም፤ በአፈር መሸርሸር የጠፋውንም አያካትትም። ቢሆንም ሁለት ነገሮችን በግልጽ ያሳያል። አንደኛ፣ ከሚታየው ላቫ ይልቅ ከሥር የቀረው ማግማ ለደጋው ከፍታ የበለጠ አስተዋጽኦ አድርጓል። ሁለተኛ፣ 2,000 ሜትርንና ከዚያ በላይ የሚሆነውን የደጋውን አጠቃላይ ከፍታ ለማስረዳት ሁለቱ ተደምረውም አይበቁም፤ የቀረውን የሚሸከመው ከበታች ያለው ትኩስ ማንትል ነው።

የክርክሬ አስኳል ያለው በዚያች የ0.1 ልዩነት ውስጥ ነው። የደጋውን ከፍታ የሚጠይቀው የቴክቶኒክስ ተማሪ ነው። የንብሩን እፍግታ ሊያውቅ የሚችለው ግን ማግማው በምን ጥልቀትና በምን ቅንብር እንደቀዘቀዘ የሚመረምረው የዐለት ተማሪ ነው። በእፍግታው ላይ ያለች የ0.1 ልዩነት በከፍታው ላይ 300 ሜትር ትሆናለች፤ ይህም ከላይ የተከመረው 2 ኪሎ ሜትር ላቫ ሁሉ ከሚያመጣው ከፍታ ጋር እኩል ነው። ደጋው መቼ ከፍ አለ የሚለው ጥያቄም እንዲሁ ነው። የዓባይን ሸለቆ አቆራረጥ ያጠኑ ተመራማሪዎች አንዳንዶቹ አብዛኛው ከፍታ የተገኘው ቀደም ብሎ፣ በባዛልቱ ጎርፍ ዘመን አካባቢ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ባለፉት 10 ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ቆላው በፍጥነት እንደተቆረጠ ይከራከራሉ። ክርክሩን በወንዝ ቅርጽ ብቻ መፍታት አይቻልም፤ ከሥር የቀረው ማግማ በየትኛው ዘመን እንደተጨመረ ማወቅን ይጠይቃል።

ባዛልት እንዴት አህጉር ይሆናል?

ጉዳዩ ከከፍታም ያልፋል። የማንትል ቅልጥ ባዛልታዊ ነው፤ የሲሊካ መጠኑም 50 በመቶ አካባቢ ነው። የአህጉራዊ ቅርፊት አማካይ ቅንብር ግን 60 በመቶ ገደማ ሲሊካ ያለው፣ ስሙን ከአንዲስ ተራሮች ካገኘው አንደሳይት ጋር የሚቀራረብ ነው። አህጉር ከማንትል ከተወለደ ይህ ልዩነት ከየት መጣ የሚለው የሥነ ምድር ትልቅ ጥያቄ ነው። ከመልሶቹ ዋነኛው፣ ባዛልታዊው ማግማ በቅርፊቱ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ከባዶቹን ማዕድናት ከሥር ይተዋል፤ ሲሊካ የበዛበት ቀሪ ቅልጥ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከሥር የቀረው ከባድ ዝቃጭ ደግሞ በጊዜ ብዛት ወደ ማንትል ተመልሶ ሊሰምጥ ይችላል የሚል ነው።

በአንዲስ ይህ ሥራ ከቅርፊት መጨማደድ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ይሄዳል። ወደ ታች የሚገባው የውቅያኖስ ሳህን የሚለቀው ውኃ ማንትሉን ያቀልጣል፤ የሚወጣው ማግማ ቅርፊቱን አሙቆ ያለሰልሳል፤ የለሰለሰው ቅርፊት ሲገፋ በቀላሉ ይጨማደዳል፤ በአልቲፕላኖ ሥር 70 ኪሎ ሜትር የደረሰውም በዚህ መንገድ ነው። እኛ ዘንድ ግፊቱ የለም፤ የማግማው ሥራ ግን አለ። በወሎ በወገል ጤና አካባቢ በባዛልቱ ጎርፍ ላይ የተነጠፉት ወፋፍራም የሪዮላይት ኢግኒምብራይቶች፣ ባዛልት ከሥር ምን ያህል እንደተጣራ የሚናገሩ ምስክሮች ናቸው። በእነርሱ ላይ የሚሠራ ተማሪ በርእሱ ላይ «ፔትሮሎጂ» ብሎ ይጽፍ ይሆናል፤ በተግባር ግን አህጉር እንዴት እንደሚሠራ እያጠና ነው። ይህን አውቆ ቢሠራው ጥያቄው ይሰፋል፤ የሚለካውም ነገር ይለወጣል።

ምድርን የሚከፍተው ምንድን ነው?

ሁለቱን አለመነጣጠል በግልጽ ያሳየው በአፋር የደረሰው ክስተት ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ዳይክ፣ ማለትም በቁም ስንጥቅ ውስጥ የገባ የማግማ ግድግዳ፣ በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ ምድሪቱን እስከ 8 ሜትር ድረስ ከፈታት። በዚያ አካባቢ ሳህኖቹ የሚራራቁት በዓመት ከ2 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ፍጥነት ነው። ስለዚህ ቢያንስ የ400 ዓመታት መራራቅ በዚያች አጭር ጊዜ ተፈጸመ። ወደ ላይ የፈነዳው ከገባው ማግማ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነበር።

ቀዝቃዛና ወፍራም የሆነውን አህጉራዊ ሊቶስፌር በመሳብ ብቻ ለመስበር ያሉት የሳህን ኃይሎች እምብዛም አይበቁም። ማግማ ሲገባ ግን የሚያስፈልገው ኃይል በእጅጉ ይቀንሳል፤ ዐለቱን መስበር ቀርቶ ስንጥቁን መሙላት ይበቃልና። በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆም መሳቡ ባለፉት 2 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ ከዳርቻው ትላልቅ ስንጥቆች ወደ ሸለቆው መኻል፣ እሳተ ገሞራዎች ወደተደረደሩበት ወደ ወንጂ የስንጥቅ ቀበቶ ተሰብስቧል። ስለዚህ «ስንጥቁ ማግማውን አስወጣ» ወይስ «ማግማው ስንጥቁን ከፈተ» ብሎ አንዱን መምረጥ ትክክለኛ ጥያቄ አይደለም።

ጥያቄው ለማን ይጠቅማል?

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን መካከል የደረሰውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ለወራት የቀጠለው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ተሰማ፤ በአፋርና በኦሮሚያ በኩል በአሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሡ፤ በአካባቢው ያለው የከሰም ግድብም የስጋት ምንጭ ሆነ። የሳተላይት ራዳር መረጃ ከሥር ዳይክ እየገባ መሆኑን አሳየ። በዚያ ወቅት ከሕዝቡ ይነሣ የነበረው ጥያቄ አጭር ነበር፦ ይህ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው ወይስ እሳተ ገሞራ?

ጥያቄው ሊናቅ አይገባም፤ በመልሱ ላይ የሰው ኑሮ ይንጠለጠላልና። መንቀጥቀጡ በአንድ ስንጥቅ መንሸራተት ብቻ የመጣ ቢሆን ኖሮ፣ ከዋናው ንቅናቄ በኋላ የሚከተሉት ንዝረቶች በሚታወቅ ሥርዓት እየቀነሱ እንደሚሄዱ መጠበቅ ይቻላል፤ ሰዎች መቼ ወደ ቤታቸው ቢመለሱ እንደሚሻልም በዚያ መሠረት መምከር ይቻላል። በማግማ የሚመራ መንቀጥቀጥ ግን ይህን ሥርዓት አይከተልም። ማግማው ሲቆም ይረግባል፤ እንደገና ሲንቀሳቀስ ያገረሻል፤ ዳይኩ ሲሄድ መንቀጥቀጡም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ «ሁለቱም ነው» የሚለው መልስ ሽሽት አይደለም፤ ምክሩን ከመሠረቱ የሚለውጥ ሳይንሳዊ መልስ ነው። ይህን መልስ በጊዜው፣ በራስ መተማመን የሚሰጥ ባለሙያ የሚወጣው ሁለቱን ዘርፎች ከተማረ ተማሪ መካከል ነው።

ተቃውሞዎቹና የሚቻለው

የሁለት ዓመት የማስተርስ ጊዜ ሁለት ዘርፍ ለመያዝ አይበቃም የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ ዐውቃለሁ። ተቃውሞው እውነት አለው። አንድ ተማሪ የኬሚካል ትንተናንም የስንጥቅ ልኬትንም የሞገድ ጥናትንም በእኩል ደረጃ ሊይዝ አይችልም። የአይሶቶፕ ትንተና በአብዛኛው በውጭ አገር ቤተ ሙከራ የሚሠራ መሆኑም ወጪውን ያከብደዋል። የጥልቅ ልዩ ሙያ ጥቅምም አይካድም፤ ከላይ የጠቀስኳቸው ግኝቶች ሁሉ የልዩ ባለሙያዎች ሥራ ናቸው።

እኔ የምጠይቀው ግን እያንዳንዱ ተማሪ ሁሉን ዐዋቂ እንዲሆን አይደለም። ሦስት ነገሮች ያለ ብዙ ወጪ ሊደረጉ ይችላሉ። የመጀመሪያው፣ በአንድ አካባቢ የሚሠሩ ሁለት ተማሪዎች፣ አንዱ በዐለት ቅንብር ሌላው በመዋቅር፣ የመስክ ወቅታቸውን አንድ አድርገው በአንድ የጋራ ጥያቄ ሥር ሁለት መመረቂያ ጽሑፎችን ቢያዘጋጁ ነው። ዳይክን ለኬሚካል ትንተና ናሙና የሚወስድ ሰው አቅጣጫውንና ውፍረቱን ለመለካት የሚያስፈልገው ኮምፓስና ሜትር ብቻ ነው፤ ያለዚህ ልኬት ናሙናው ስለ ምድሪቱ መከፈት ምንም አይነግረንም። ሁለተኛው፣ ቀደምት ተማሪዎች የሰበሰቧቸው ናሙናዎችና ውጤቶች ከነ መገኛ ነጥባቸው በአንድ መዝገብ ቢቀመጡ ነው፤ የደጋው ናሙና በየመሳቢያው ተበትኖ ሳለ አዲስ ናሙና ለማምጣት መድከም ብክነት ነው። ሦስተኛው፣ የተራራ አፈጣጠር ትምህርት ከሂማላያ ጎን ለጎን ከስሜን፣ ከጮቄና ከባሌ እንዲጀምር ማድረግ ነው። የሂማላያ ምሳሌ ይቅር አልልም፤ ተማሪው ሁለቱን አነጻጽሮ ቅርፊት በመጨማደድም በመጨመርም ሊወፍር እንደሚችል ከመጀመሪያው ዓመት ቢገነዘብ ግን የሚጠይቀው ጥያቄ የተሻለ ይሆናል።

ዘንድሮ የመመረቂያ ርእስ የምትመርጡ ባልደረቦቼ፣ የመረጣችሁት ዐለት ከሆነ ያ ማግማ ሲወጣ ምድሪቱ ወዴት ትሳብ እንደነበር በጥናት ዕቅዳችሁ ውስጥ አንድ ጥያቄ አድርጋችሁ ጻፉ። የመረጣችሁት ስንጥቅ ከሆነ ደግሞ ያን ስንጥቅ የሞላው ምን እንደሆነና ከየት ጥልቀት እንደመጣ ጠይቁ። መልሱን ራሳችሁ ባታገኙት እንኳ ከጎናችሁ ያለው ተማሪ ሊያገኘው ይችላል፤ ከእርሱ ጋር የምትነጋገሩበት ምክንያትም ይኖራችኋል።